የብረት ቆረጣን ጥራት በዓይን፣ በጆሮና በጥፍር መመዘን፦ የትኛው ምልክት ይታመናል?

ተማሪ_ማሽኒስት

ለመድረኩ አባላት ሁሉ ሰላምታዬን በማስቀደም ጥያቄዬን አቀርባለሁ። የቶርኖ (ብረቱን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ሥራ በመማር ላይ ነኝ። የገጽ ሸካራነት መለኪያው በምርመራ ክፍል ተቆልፎ የሚቀመጥና ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ የሚወጣ በመሆኑ፣ ቆረጣው ገና እየተካሄደ ሳለ ደህና መሄዱንና አለመሄዱን መለየት ያለብኝ በዓይኔ፣ በጆሮዬና በእጄ ነው። ነባሮቹን ሠራተኞች ስጠይቅ ግን የማገኘው ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። አንደኛው ፍቅፋቂው (ተቆርጦ የሚወጣው የብረት ቅራፊ) ሰማያዊ ከሆነ ቱሉ (መቁረጫው) እየተቃጠለ ነውና ፍጥነት ቀንስ ይለኛል። ሌላው ፍቅፋቂው ሰማያዊ ካልሆነ ገና ሥራ አልጀመርክም ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም ወደ ጎን ትቶ ገጹ ካብረቀረቀ የቀረው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው ባይ ነው።

ለመሆኑ ፍቅፋቂው፣ ድምፁና ገጹ የተለያየ ነገር ሲናገሩ የትኛው ይታመናል? መጀመሪያ መታየት ያለበትስ የትኛው ነው? አሁን የምሠራው በሃይስፒድ ስቲል ቱልም (ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ ብረት) በካርባይድ ኢንሰርትም (በመያዣ ላይ የሚገጠም፣ ሲያልቅ የሚቀየር ጠንካራ የመቁረጫ ቁራጭ) ሲሆን፣ እስካሁን የቆረጥኩት አብዛኛው ለስላሳ ብረት ነው። በቅርቡ ግን የስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ዘንግ እንድሠራ ይጠበቃል።

የቶርኖ_ሰው

ወንድሜ፣ ስለ ቀለሙ የነገሩዎት ሁለቱም ሰዎች ልክ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚያወሩት ስለ ሌላ ቱል መሆኑን ሳይገልጹ በመቅረታቸው ነው ምክራቸው የተጋጨው።

በብረት ላይ የሚታየው ቀለም ትኩስ ብረት ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ወደ 220 ወይም 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የገለባ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። በሃይስፒድ ስቲል ሲቆርጡ ፍቅፋቂው የብር መልኩን እንደያዘ ወይም ቢበዛ ቀላል ቢጫ ሆኖ እንዲወጣ ይፈለጋል፤ ምክንያቱም ይህ ቱል ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል፣ የቱሉ ጫፍ ደግሞ ሁልጊዜ ከፍቅፋቂው ቀለም ከሚገመተው በላይ የጋለ ነው። ካርባይድ ግን ከዚያ እጅግ የላቀ ሙቀት ስለሚችል፣ ተራ የካርበን ብረት ያለ ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲቆረጥ ሰማያዊ ፍቅፋቂ መውጣቱ ሙቀቱ በፍቅፋቂው ተጭኖ እየሄደ መሆኑን የሚያሳይ መልካም ምልክት ነው። እንዲያውም በካርባይድ ቆርጠው ፍቅፋቂው ነጭ ሆኖ፣ የሥራው ቁራጭ ግን እጅ የማያስቀምጥ ሆኖ ካገኙት፣ መሄድ የነበረበት ሙቀት ሥራው ውስጥ እየቀረ ነው ማለት ነው።

ታሪኩን ለሚወድ ሰው፣ ፍሬድሪክ ቴይለርና ማውንሰል ኋይት በቤተልሔም ስቲል የደረሱበትን የሃይስፒድ ስቲል አሠራር እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ሲያሳዩ ተመልካቹን ያስገረመው የቱሉ ጫፍ ቀልቶ እየጋለ መቁረጡን አለማቆሙ ነበር። ይሁንና ቀልቶ መቁረጥ መቻልና እንደዚያ ሆኖ ረጅም ዕድሜ መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቱል ዕድሜ ከፍጥነት ጋር ያለውን ዝምድና በቀመር ያስቀመጠውም ያው ቴይለር ነው፤ በካርባይድ የተለመደውን 0.25 ኤክስፖነንት ብንወስድ፣ ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብቻ ሲጨምሩት የቱሉ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የቀለሙ ለውጥ ትንሽ ቢመስልም በዕድሜው ላይ የሚያስከፍለው ትንሽ አይደለም።

ቀለም የማይናገርባቸውን ሁኔታዎችም ይወቁ። ኩላንት በብዛት ሲፈስ ፍቅፋቂው ቀለም ሳያወጣ ይቀዘቅዛል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ቀለም አያወጣም። ስቴንለስ ደግሞ ያንኑ ቀለም የሚያወጣው ከተራ ብረት በላቀ ሙቀት ነው። በነዚህ ላይ ቀለም አይቶ መፍረድ ራስን ማታለል ነው።

እኔ ከቀለሙ በፊት የማየው ቅርጹን ነው። በለስላሳ ብረት ላይ የምፈልገው ተጠቅልሎ በራሱ የሚሰበር፣ የስድስት ወይም የዘጠኝ ቁጥር ቅርጽ ያለው አጭር ፍቅፋቂ ነው። እንደ ሪባን እየረዘመ ቸኩ (ሥራውን የሚይዘው የማሽኑ ክፍል) ላይ የሚጠመጠም ከሆነ ፊዱ (ቱሉ በአንድ ዙር የሚራመደው ርቀት) ለኢንሰርቱ የፍቅፋቂ መስበሪያ አንሶታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው ፊዱን በመቀነስ ሳይሆን በመጨመር ነው። በተቃራኒው እጅግ አጭርና የተጨፈለቀ፣ እየተተኮሰ የሚወጣ ከሆነ ፊዱ በዝቷል። ይህ ግን ለሚዘረጉ ብረቶች ብቻ ይሠራል፤ ካስት አይረን ዱቄትና ፍርፋሪ ማውጣቱ ባሕርይው ነው፣ ብዙ የነሐስ ዓይነቶችም ስንጥርጥር ያለ አጭር ፍቅፋቂ ነው የሚሰጡት። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይገባም።

አንድ ነገር ላሳስብ፤ ፍቅፋቂ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ለማየት ሲፈልጉ ማሽኑን አቁመው በመንጠቆ ወይም በመቆንጠጫ ያንሡ። በሚሽከረከር ሥራ አጠገብ ጓንት አይደረግም፣ ጨርቅም አይቀርብም።

ምርመራ_ክፍል

ሦስተኛውን ሰው በተመለከተ እኔ ልመልስ፤ ከዕለት ሥራዬ ውስጥ ብዙ ክርክር የሚያስነሳው ይኸው ማብረቅ ነውና።

ማብረቅ የሚነግረን ገጹ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ እንደሚመልስ ብቻ ነው። ቱሉ ዶልዱሞ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ እየገፋና እየዳመጠ ሲያልፍም ገጹ ያብረቀርቃል። እንዲህ ያለውን ገጽ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የፊዱ መስመሮች ጠርዛቸው የጠራ አይደለም፤ ተደፍጥጠው አንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳሉ፣ በመካከላቸውም የተቀደደ ብረት ተኝቶ ይታያል። በአንጻሩ በስለታም ቱል በተገቢው ፊድ የተቆረጠ ገጽ አንዳንዴ ደብዘዝ ያለ ይመስላል፤ መስመሮቹ ግን እኩል ተራርቀው፣ ጥርት ብለው፣ ሳይቋረጡ ዙሪያውን ይሄዳሉ። ምርመራውን የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

ቶርኖ ላይ አስቀድሞ ሊሰላ የሚችል ነገር መኖሩንም ሠራተኛ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ቱሉ የሚተወው ሸንተረር ከፍታ በግምት የፊዱ ካሬ ለስምንት እጥፍ የጫፍ ራዲየስ (የቱሉ ጫፍ ክብነት መጠን) ሲካፈል የሚገኘው ነው። ፊዱ 0.2 ሚሊሜትር፣ የኢንሰርቱ የጫፍ ራዲየስ 0.8 ሚሊሜትር ቢሆን ከፍታው ወደ 6.3 ማይክሮን ይመጣል፤ አማካይ ሸካራነቱም ወደ 1.6 ማይክሮን ይሆናል። ፊዱን ወደ 0.1 ቢያወርዱት ከፍታው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህ ቁጥር ከሁሉ ነገር በፊት የሚጠበቀውን ይነግርዎታል። ገጹ ከዚህ ስሌት በግልጽ የከፋ ከሆነ ጥፋቱ የፊዱ አይደለም ማለት ነው፤ ወይ ንዝረት አለ፣ ወይ ብረት በቱሉ ጫፍ ላይ እየተጣበቀ ነው፣ ወይ ጫፉ ተበልቷል። ፊዱን ደጋግሞ እየቀነሱ መልስ መጠበቅ በዚህ ጊዜ ዋጋ የለውም።

ጥፍርን በተመለከተ፣ መለኪያ በሌለበት ከጥፍር የተሻለ መሣሪያ አይገኝም፤ አጠቃቀሙ ግን ሥርዓት አለው። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፣ ገጹ ከዘይትና ከብናኝ ይጠረጋል፣ ጥፍሩ ከመስመሮቹ ጋር ሳይሆን መስመሮቹን አቋርጦ በቀስታ ይሳባል። ከዚያ ወዲያው በማነጻጸሪያው ናሙና ላይ እንዲሁ ይሳባል። ናሙናው ላይ 0.8፣ 1.6፣ 3.2፣ 6.3 እያለ የሚሄደው ቁጥር በማይክሮን የተሰጠ አማካይ ሸካራነት ነው። ቶርኖ ላይ የወጣን ሥራ ከቶርኖ ናሙና፣ በፍሬዛ (መቁረጫው ራሱ የሚሽከረከርበት ማሽን) የወጣን ከፍሬዛ ናሙና ጋር ብቻ ያነጻጽሩ፤ በመፍጫ ድንጋይ የተሠራ 1.6 እና ቶርኖ ላይ የወጣ 1.6 ለጥፍር የተለያየ ስሜት ነው የሚሰጡት። በሁለት ተከታታይ ደረጃዎች መካከል ጥፍር በደንብ ይለያል። ከ0.4 በታች ግን ጥፍር ከመገመት አያልፍም፤ እዚያ የምርመራ ክፍሉ ቁልፍ ይከፈት።

ሲኤንሲ_ኦፕሬተር

በአክብሮት ልቃወም። ይህ ሁሉ በእጅ ለሚሠራ ቶርኖ ይሆን ይሆናል። በእኛ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ማሽን በሩ ተዘግቶ ኩላንት እየጎረፈ ስለሚሠራ ፍቅፋቂም ሆነ ገጽ አይታይም፤ ቁጥሩን ከኢንሰርቱ አምራች ሠንጠረዥ ወስዶ ማስገባት ይበቃል። የሙከራ ሥራ በጥፍር እየዳሰሱ የሚመዘንበት ዘመን ያለፈ ይመስለኛል።

የቶርኖ_ሰው

ሠንጠረዡ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። በካታሎጉ ላይ ያለው ፍጥነት ብረቱ የተወሰነ ጥንካሬ እንዳለው፣ አያያዙ ጠንካራ እንደሆነ፣ ቱሉም በአጭሩ እንደወጣ አስቦ የተጻፈ ነው። የእርስዎ ማሽን እነዚህን አያውቅም፤ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። በሩ ቢዘጋም ጆሮ አይዘጋም፣ የስፒንድሉ (የሚያሽከረክረው ዘንግ) ሎድ ማለትም ጫና መለኪያም በስክሪኑ ላይ አለ። ሥራው ሳይቀየር ሎዱ ከሥራ ወደ ሥራ ቀስ እያለ ከፍ ሲል ኢንሰርቱ እየተበላ ነው። በማጠራቀሚያው ውስጥ የወደቀው ፍቅፋቂም የትም አይሄድም፤ የመጀመሪያውን ሥራና የሃምሳኛውን ሥራ ፍቅፋቂ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመልከቱ።

ሲኤንሲ_ኦፕሬተር

የሎዱን ነገር እቀበላለሁ፤ እኛም ኢንሰርት የምንቀይረው አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ነው። የጠርዝ ትርፍንም ልጨምርበት፤ ቱሉ ከሥራው በሚወጣበት ጠርዝ ላይ የሚቀረው ስለታም ትርፍ ብረት መጠኑ ካደገ፣ ሎዱ ገና ከፍ ሳይል እንኳ ኢንሰርቱ መዶልዶም መጀመሩን አስቀድሞ ይናገራል።

መምህር_ቆረጣ

ከፍቅፋቂው ላይ ሌላ አንድ ነገር ይነበባል፤ ለተማሪዎቼ ከቀለም በፊት የማስተምረው ይህንኑ ነው። እሱም ውፍረቱ ነው።

ቱሉ የሚያነሣው ብረት ፍቅፋቂ ሆኖ ሲወጣ ከነበረው ውፍረት ይወፍራል፤ ብረቱ ከቱሉ ፊት ተጨምቆ፣ በአንድ ጠባብ ንጣፍ ላይ እየተሸራተተ ስለሚሄድ ነው። በ90 ዲግሪ የመግቢያ አንግል (የቱሉ ጠርዝ ከፊዱ አቅጣጫ ጋር የሚሠራው አንግል) በ0.2 ሚሊሜትር ፊድ ቢቆርጡ ሳይቆረጥ የነበረው ውፍረት 0.2 ነው። የቀዘቀዘውን ፍቅፋቂ አንስተው ጫፈ ሹል በሆነ ማይክሮሜትር፣ ከሌለ በካሊፐር ጫፍ፣ ጥቅልሉ በተዘረጋበት ቦታ ይለኩት። 0.4 ቢሆን ጭመቃው ሁለት እጥፍ ነው። 0.6 ቢሆን ሦስት እጥፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ ብረቱ ከሚገባው በላይ እየተቀጠቀጠ፣ ኃይሉም ሙቀቱም እየጨመረ ነው። ያንኑ ብረት በተሻለ ፖዘቲቭ ሬክ ባለው (ፊቱ ወደ ኋላ ባዘነበለ) ቱል፣ ወይም ከፍ ባለ ፍጥነት፣ ወይም በጥሩ ቅባት ሲቆርጡ ውፍረቱ ሲቀንስ ያያሉ። ቁጥሩ በብረቱ ዓይነት ስለሚለያይ በራሱ ፍርድ አይሰጥም፤ ጥቅሙ አንድ ነገር ብቻ ቀይረው ከበፊቱ ጋር ሲያወዳድሩት ነው።

የፍቅፋቂውን ሁለት ፊትም ያገላብጡ። ቱሉን እየተጫነ ያለፈው ፊት ሁልጊዜ ለስላሳና አብረቅራቂ ነው፤ ውጫዊው ፊት ሻካራ ነው፣ ይህም ትክክል ነው። የሚያሳስበው ለስላሳው ፊት ላይ ጭረትና የተቀደደ ቦታ ሲኖር፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ ሲቆራረጥ ነው። ያኔ ዓይንዎን ወደ ኢንሰርቱ ይመልሱ፤ በጫፉ ላይ ተጣብቆ የተከመረ ብረት ሳያገኙ አይቀርም። ይህ ክምር ለጥቂት ጊዜ ራሱ እንደ ቱል ሆኖ ይቆርጣል፣ ከዚያ ተገንጥሎ ግማሹ ከፍቅፋቂው ጋር ይሄዳል፣ ግማሹ በሥራው ገጽ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በገጹ ላይ በጣት ጫፍ የሚዳሰሱ ትንንሽ ጠንካራ ነጥቦች ካሉ ምንጫቸው ይኸው ነው።

ተማሪ_ማሽኒስት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፈራሁት የስቴንለስ ዘንግ ደርሶ ሥራው ላይ ነኝ፤ የገጠመኝን በዝርዝር ላቅርብ። ዘንጉ 304 ስቴንለስ፣ ዲያሜትሩ 40፣ ርዝመቱ 300 ሚሊሜትር ሲሆን በአንድ በኩል በቸክ፣ በሌላው በቴይልስቶክ (የዘንጉን ሌላ ጫፍ በሚደግፈው የማሽኑ ክፍል) ተይዟል። ኢንሰርቱ ሽፋን ያለው ካርባይድ፣ የጫፍ ራዲየሱ 0.8 ነው። ለመጨረሻው ቁርጥ ገጹ እንዲያምር ብዬ በደቂቃ 300 ዙር፣ ፊድ 0.05፣ የቁርጥ ጥልቀት 0.1 ሰጠሁት። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ደህና ነበሩ። ከዚያ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ቀለበት መጣ፣ ቀጥሎ የሚያፏጭ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ የተቧጨረና የተለጠፈ ነገር ያለበት ሆነ። ፍቅፋቂው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ሌላ 0.1 ሰጥቼ ደግሜ ስሞክር ቱሉ አንዳንድ ቦታ ምንም ሳያነሣ ተንሸራቶ አለፈ።

የቶርኖ_ሰው

ያቀረቡት ዝርዝር ለመፍረድ በቂ ነው። የሚያብረቀርቀው ቀለበት መቆረጥ ያቆመበት ቦታ ነው።

304 እና መሰሎቹ ሲዳመጡ ወዲያው የሚጠነክሩ ብረቶች ናቸው። የኢንሰርቱ ጠርዝ በዓይን ስለታም ቢመስልም ጥቂት ክብነት አለው፤ ፊዱ 0.05 ሲሆን ደግሞ ጠርዙ የሚያገኘው ብረት እጅግ ስስ ስለሆነ ከመቁረጥ ይልቅ ይፈጨዋል። የተፈጨው ንጣፍ ይጠነክራል፣ ቀጣዩ ዙር የጠነከረውን ንጣፍ ያገኛል፣ ቱሉም መንሸራተት ይጀምራል። ሁለተኛው ሙከራዎ ያንን ጠንካራ ንጣፍ ሊቆርጥ ያልቻለው ለዚህ ነው። ፍጥነቱም የራሱ ድርሻ አለው፤ በ40 ዲያሜትር 300 ዙር በደቂቃ ወደ 38 ሜትር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ይህም ለካርባይድ ዝቅተኛ ሲሆን ብረት በጫፉ ላይ የሚጣበቅበት ክልል ውስጥ ነው። የተለጠፈው ነገር ከዚያ የመጣ ነው።

የማደርገው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ኢንሰርቱን ወደ አዲስ ጠርዝ አዞራለሁ፤ የአሁኑ ጠርዝ ጉዳት እንዳለበት አልጠራጠርም። ከዚያ ትርፍ መጠን ካለ የቁርጡን ጥልቀት ወደ 0.5 አሳድጌ ከጠነከረው ንጣፍ ሥር እገባለሁ፤ ጥልቀቱ ቢያንስ ከጫፉ ራዲየስ ግማሽ እንዲያልፍ እፈልጋለሁ። ፊዱን 0.15 አደርጋለሁ። ፍጥነቱን አያያዙ ከፈቀደ ወደ 950 ዙር፣ ማለትም በደቂቃ ወደ 120 ሜትር ከፍ አደርጋለሁ፣ ኩላንቱም ሳይቆራረጥ እንዲፈስ አደርጋለሁ። መካከል ላይ ፊዱን አቁሞ ቱሉን ሥራው ላይ ማሳረፍ በዚህ ብረት ላይ ፈጽሞ አይደረግም፤ ማቆም ካስፈለገ ቱሉ መጀመሪያ ይውጣ።

ምርመራ_ክፍል

በስሌቱም ቢሆን የሚያጡት ነገር የለም። ፊድ 0.15 በ0.8 ራዲየስ የሚተወው ሸንተረር 3.5 ማይክሮን ያህል ነው። በ0.05 የጠበቁት ከግማሽ ማይክሮን በታች በወረቀት ላይ ብቻ የሚገኝ ነበር።

ፍሬዛ_ወዳጅ

ጥያቄው ስለ ቶርኖ ቢሆንም በፍሬዛም ለሚሠራ ሰው አንድ ጠቃሚ ንባብ አለ፤ የመስመሮቹን ርቀት መቁጠር ማለቴ ነው።

አራት ጥርስ ባለው ከተር (የፍሬዛ መቁረጫ) በአንድ ጥርስ 0.1 ሚሊሜትር ፊድ ሰጥተው ጠፍጣፋ ገጽ አወጡ እንበል። ጥርሶቹ ሁሉ እኩል ቢቆርጡ መስመሮቹ በ0.1 ይራራቃሉ፣ በዓይን ለመቁጠርም ያስቸግራሉ። አጉሊ መነጽርና ማስመሪያ ይዘው ሲያዩ ግን በአራት ሚሊሜትር ውስጥ ጎላ ያሉ አሥር መስመሮች ብቻ ካገኙ፣ ርቀታቸው 0.4 ነው፤ ይህ ደግሞ የአንድ ሙሉ ዙር ፊድ ነው። እንግዲህ አንዱ ጥርስ ከሌሎቹ በልጦ ወጥቶ የመጨረሻውን ገጽ ብቻውን እየሠራ ነው። መቀመጫው ውስጥ ብናኝ ተቀርቅሮ ኢንሰርቱን ከፍ አድርጎት ይሆናል፤ ፊዱንና ፍጥነቱን ከመነካካት በፊት እሱን አውጥቶ መጥረግ ነው። ከተሩ በፊቱ ጥርሶች ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ቅስቶቹ በሁለቱም አቅጣጫ ተጠላልፈው ቢታዩ ስፒንድሉ ለጠረጴዛው ቀጥ ያለ ነው ማለት ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄዱ ከሆነ ትንሽ ዘንበል ብሏል።

በድሪል ለሚሠሩም እግረ መንገዴን፦ ከሁለቱ የድሪል ጎድጓዶች እኩል ፍቅፋቂ የሚወጣ ከሆነ ሁለቱም ከንፈሮች እየሠሩ ነው። ከአንዱ ብቻ ከወጣ ስለቱ እኩል አልተሳለም፤ ቀዳዳውም ከድሪሉ መጠን ሰፍቶ ነው የሚወጣው።

መምህር_ቆረጣ

ስለ ፉጨቱ የተለየ ነገር ልጨምር፤ ድምፅ ሁሉ አንድ አይደለምና። ዶልዱሞ የሚፈጭ ቱል ቀጭንና የማያቋርጥ ጩኸት ያሰማል፤ ገጹ ላይ የሚተወው ማብረቅ እንጂ ሞገድ አይደለም። ንዝረት ሲነሣ ግን ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃን በአግድም ሲያበሩበትም በገጹ ላይ በእኩል የሚደጋገሙ ሞገዶች ይታያሉ። ይህ የሚሆነው ቱሉ ባለፈው ዙር ራሱ የተወውን ሞገድ እንደገና ስለሚቆርጥ፣ የፍቅፋቂው ውፍረትም ከፍ ዝቅ እያለ ንዝረቱን ስለሚመግበው ነው። ስለዚህም ዙሩን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ብቻውን የሚያስቆመው ጊዜ አለ። ከዚያ በፊት ግን የቱሉ መውጫ ርዝመት ይታይ፤ የአንድ ዘንግ መታጠፍ ከርዝመቱ ኪዩብ ጋር ስለሚያድግ መውጫውን እጥፍ ማድረግ መታጠፉን ስምንት እጥፍ ያደርገዋል። ቀዳዳ በሚሰፋበት ጊዜ የብረት ቦሪንግ ባር ከዲያሜትሩ አራት እጥፍ በላይ ወጥቶ ጸጥ ብሎ እንዲቆርጥ መጠበቅ አይገባም።

ተማሪ_ማሽኒስት

የቶርኖ_ሰው በጻፉልኝ ቅደም ተከተል ሠራሁ። የቀደመውን ኢንሰርት በአጉሊ መነጽር ሳየው በጫፉ ላይ የተለጠፈ ብረት፣ ከጠርዙ በታች ደግሞ አንጸባራቂ የመበላት ንጣፍ ነበረው። በአዲሱ ጠርዝ ድምፁ ወፍራምና የማያቋርጥ ሆነ፣ ፍቅፋቂውም ተጠቅልሎ መሰበር ጀመረ። በጥፍር ከናሙናው ጋር ሳነጻጽረው ወደ 1.6 የሚጠጋ ነው፤ ማብረቁ ከቀድሞው ቀለበት ያነሰ ቢሆንም መስመሮቹ ጥርት ያሉ ናቸው።

የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ወዲያው በማይክሮሜትር ስለካው መካከሉ ከሁለቱ ጫፎች በ0.03 ሚሊሜትር ወፍሯል። መጠኑን ለማስተካከል ጥልቀት ሳልጨምር ደግሜ ላሳልፈው?

ምርመራ_ክፍል

ከመድገምዎ በፊት ያቀዝቅዙት። መለኪያ ሁሉ የሚታሰበው በ20 ዲግሪ ነው። 304 ለእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 17 ያህል ይሰፋልና፣ 40 ሚሊሜትር ዲያሜትር በ30 ዲግሪ ቢሞቅ 0.02 ሚሊሜትር ይወፍራል። ሦስቱንም ቦታ ከቀዘቀዘ በኋላ ይለኩ። ልዩነቱ ከጠፋ ሙቀት ነበር፤ ከቀረ ሥራው ከቱሉ ፊት እየሸሸ ነው።

የቶርኖ_ሰው

ጥልቀት ሳይጨምሩ መድገም በለስላሳ ብረት የተለመደ ቢሆንም በዚህ ብረት ላይ ወደ ቀድሞው ቀለበት ይመልስዎታል፤ ቱሉ ስስ ንጣፍ ብቻ አግኝቶ ይፈጫል። ልዩነቱ ከቀዘቀዘም በኋላ ካለ 0.4 ራዲየስ ያለው ስለታም ኢንሰርት ይጠቀሙ፤ ትንሹ ራዲየስ ሥራውን ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል ይቀንሳል። ፊዱን አብረው ወደ 0.1 ያውርዱት፤ ሸንተረሩ ወደ 3.1 ማይክሮን ስለሚመጣ ገጹ አይጎዳም። ለዚያ ቁርጥ ቢያንስ 0.3 ጥልቀት የሚሆን ትርፍ አስቀድመው ያስቀሩ፤ አሁን በቂ ትርፍ ከሌለ ይህንን በቀጣዩ ዘንግ ላይ ያድርጉት።

የቴይልስቶኩንም ነገር አይርሱ። ርዝመቱ 300 የሆነ የስቴንለስ ዘንግ በ30 ዲግሪ ሲሞቅ 0.15 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። በቸክና በቴይልስቶኩ ሴንተር (ሹል መደገፊያ) መካከል ተጠብቆ ስለተያዘ መሄጃ አጥቶ ወደ መካከሉ ይጎብጣል። ከዋናው ሻካራ ቁርጥ በኋላ ማሽኑን ያቁሙ፣ ቴይልስቶኩን ጥቂት ለቀው መልሰው በልኩ ያጥብቁ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ቁርጥ ይግቡ።

ተማሪ_ማሽኒስት

ቀዝቅዞ ሲለካ ልዩነቱ 0.02 ቀርቷል። ሥዕሉ የሚፈቅደው 0.05 በመሆኑ ይህ ዘንግ ያልፋል። ለሁለተኛው ዘንግ ቴይልስቶኩን ለቅቄ መልሼ አጥብቄ፣ በ0.4 ኢንሰርት እቆርጠዋለሁ፤ ከእያንዳንዱ ቁርጥ የሚወጣውን ፍቅፋቂም ፊዱንና ዙሩን በላዩ ጽፌ ለብቻው አስቀምጣለሁ።

መምህር_ቆረጣ

በዚያው ወረቀት ላይ የፍቅፋቂውን ውፍረት ይጻፉልን፤ ፊዱ 0.15 በነበረበት ቁርጥ ስንት እንደሆነ፣ በ0.1 ስንት እንደሆነ። የቁርጡን ጥልቀትና የጫፉን ራዲየስም አይዝለሉ፤ ጥልቀቱ ከራዲየሱ ሲያንስ የሚቆርጠው ክቡ ጫፍ ብቻ ስለሚሆን ሳይቆረጥ የነበረው ውፍረት ከፊዱ ያንሳል፣ ሁለቱን ቁርጦች ስናወዳድር ያንን ማሰብ ይኖርብናል።